«ፋይሉ ተከፍቷል፤ ፊደሉ ግን እንቢ አለ»፦ «ፊደል»፣ «መክፈት» እና «መቀየር» በኮምፒውተር ጽሑፍ ሥራ ስላላቸው አገልግሎት የቀረበ ትችት

ስያሜዎችን ስንተች ዘወትር የምናነሣው ጥያቄ ቃሉ ለጆሮ ይስማማል ወይስ አይስማማም፣ ከግዕዝ የወጣ ነው ወይስ ከባዕድ የተወሰደ የሚል ነው። ቃሉ በሥራ ላይ ሲውል ሠራተኛውን ወደ ትክክለኛው ተግባር ይመራዋል ወይስ ያሳስተዋል የሚለውን ግን እምብዛም አንጠይቅም። በ1989 ዓ.ም. የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ከታተመ ወዲህም ሆነ ከዚያ በፊት፣ የስያሜ ሥራችን በአብዛኛው ያተኮረው በስም ላይ ነው፤ ግሶቹን ለተናጋሪው ትተንለታል። በዚህ ጽሑፍ ለመተቸት የተነሣሁባቸው ሦስት ቃላት፣ አንዱ ስም ሁለቱ ግስ ሲሆኑ፣ ሦስቱም በቤት ውስጥ ያደጉ ናቸው፤ ጆሮን አይጎረብጡም። ይሁን እንጂ ቀደም ባሉት ዓመታት በተጻፉ የአማርኛ ፋይሎች ላይ ጉዳት ሲያደርሱ በዐይኔ አይቻለሁ፤ ከተጎዱትም አንዱ የራሴ ሥራ ነው።

ነገሩ የሆነው ሳሪስ አቦ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ብዙ ሳይርቁ ከሚገኙት የጽሕፈትና የኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ፣ በ1990 ዓ.ም. ግድም ከሸማኔዎች አፍ የሰበሰብኋቸውን የሙያ ቃላት የያዘ ፋይል በፍላሽ ይዤ ሄድሁ። ፋይሉ መጀመሪያ በፍሎፒ ዲስክ ላይ የነበረ ነው፤ ዲስኩ ሳይበላሽ ወደ ፍላሽ ገልብጬው ነበር፤ ከዚያ በቀር ሌላ ቅጂ አልነበረኝም። የተጻፈው በዚያን ጊዜ ከነበሩት ባለ ሁለት ፎንት የአማርኛ መጻፊያዎች በአንዱ ነው። ወጣቷ ጸሐፊ ፋይሉን ከፈተችው፤ ገጹ በላቲን ፊደላት፣ በቅንፍና በገንዘብ ምልክቶች ተሞላ። «ጋሼ፣ ፋይሉ ተከፍቷል፤ ፊደሉ ግን እንቢ አለ» አለችኝ። እኔም የቋንቋ ባለሙያ ነኝ ባዩ፣ «እንግዲያው ፊደሉን ቀይሪዋ፣ የኔ ልጅ» አልኋት።

እንዳልኋት አደረገች። ጽሑፉን በሙሉ መርጣ ኒያላ የተባለውን ፎንት ሰጠችው፤ አልሆነም። ሌላ ሰጠችው፤ አልሆነም። አምስት ስድስት ፎንት ከሞከረች በኋላ ተስፋ ቆርጣ ፋይሉን ስትዘጋ፣ ማሽኑ ለውጡ ይቀመጥ እንደሆነ ጠየቃት፤ ይቀመጥ አለችው። ጥፋቱ የእርሷ አይደለም፤ የፈጸመችው የታዘዘችውን ነው። ያጠፋው በእኔ አፍ የወጣው ቃል ነው። ምን እንዳጠፋ ለመረዳት ግን የፋይሉን አሠራር ጥቂት መመልከት ያስፈልጋል።

በዚያ ዘመን የጽሑፍ ማሽኑ ለእያንዳንዱ ምልክት የሚሰጠው መለያ ከ0 እስከ 255 ባለው ቁጥር የተወሰነ ነበር። ከ256ቱ ቦታዎች 32ቱ ለማሽኑ ትእዛዞች የተያዙ ናቸው፤ ባዶ ቦታውና የማጥፊያው ምልክት ሲቀነሱ 222 ይቀራሉ። የአማርኛ ፊደል 33 ቤቶች በሰባት ሲባዙ ደግሞ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ ሃያዎቹ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦቹ ገና አልተቆጠሩም። ስለሆነም የመጻፊያዎቹ አዘጋጆች ከሁለት መንገዶች አንዱን መያዝ ግድ ሆነባቸው። ከፊሎቹ ፊደሉን ለሁለትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ፎንቶች አከፋፈሉት፤ ሌሎቹም በአማርኛ የጽሕፈት መኪና እንደለመድነው ግዕዙን መደብ አድርገው እግሩንና ቀለበቱን ለየብቻ ቀጠሉለት። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ አጋፋሪ፣ ዋሽራ፣ ብራና እያንዳንዳቸው የራሳቸው የቁጥር ድልድል ነበራቸው። የሚያመሳስላቸው ግን አንድ ነገር ነው፤ በፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው ለላቲን ምልክቶች የተመደበው ቁጥር ሲሆን፣ ዐይን አማርኛ የሚያየው ፎንቱ የላቲኑን መልክ በአማርኛ መልክ ስለሸፈነው ብቻ ነው።

ይህም ማለት በእንዲህ ያለው ፋይል ውስጥ ቁጥሩ ብቻውን ፊደል አይደለም። ቁጥሩና የፎንቱ ስም ሲጣመሩ ነው ፊደል የሚሆኑት። አንዱ ቁጥር በመጀመሪያው ፎንት «ቀ» ከሆነ፣ በሁለተኛው ፎንት «ቋ» ሊሆን ይችላል። ማሽኑ ፎንቶቹ ሳይኖሩት ፋይሉን ሲከፍት የላቲን ውጥንቅጥ ቢያሳይም፣ የፎንቶቹ ስም ከየቃሉ ጋር በፋይሉ ውስጥ ተጽፎ ይቆያል፤ ስለዚህ ያን ጊዜ ምንም የጠፋ ነገር የለም። የሚጠፋው ጽሑፉን በሙሉ መርጠን አንድ ሌላ ፎንት ስንሰጠውና ስናስቀምጠው ነው። ያን ጊዜ «ቀ» እና «ቋ» አንድ ቁጥር ሆነው ይቀራሉ፤ የሚለያቸው ስም ተፍቋል። ፋይሉን ያለ ቅርጽ፣ በባዶ ጽሑፍነት ማስቀመጥም ይህንኑ ጉዳት ያደርሳል፤ ይህን «ለጥንቃቄ» ብለው የሚያደርጉ ጓደኞች አሉኝ።

እንግዲህ «ፊደሉን ቀይሪ» የሚለው አነጋገር ውስጥ «ፊደል» የቆመው ለምንድን ነው? በልማድ አነጋገራችን ለሦስት ነገሮች ይቆማል፤ በአእምሮ ላለው የድምፅ ምልክት፣ ለማሽኑ መለያ ቁጥር፣ በገጽ ላይ ለሚታየው መልክ። ለብራና ጸሐፊ ይህ ልዩነት አያስፈልገውም ነበር። በቁም ጽሕፈት የተጻፈው «ሀ» እና ተማሪ የሞነጫጨረው «ሀ» አንድ ፊደል መሆናቸውን ሳይነገረው ያውቃል፤ በመልኩና በፊደሉ መካከል የተሸሸገ ቁጥር አልነበረበትም። በእኛ ዘመን ግን ሦስቱ ተለያዩ፤ ስሙ ግን አንድ ሆኖ ቀረ።

ችግሩን ለማቃለል የተሞከረ ነገር የለም አልልም። የማይክሮሶፍትና የጉግል የአማርኛ ገጾች ለመልኩ «ቅርጸ ቁምፊ»፣ ለምልክቱ «ቁምፊ» የሚሉትን ቃላት ይጠቀማሉ። መልክን ከምልክት ለመለየት መታሰቡ የሚመሰገን ነው፤ ስያሜው ግን አቅጣጫውን የሳተ ይመስለኛል። «ቁምፊ» ከ«ቁም» እና ከ«ፊደል» ተቆርጦ እንደተገጣጠመ ለጆሮ ግልጽ ነው፤ «ቁም» ደግሞ የአንድ የእጅ ጽሕፈት፣ ማለት የአንድ መልክ ስም ነው። መልክ የሌለውን ረቂቅ ምልክት በመልክ ስም ጠርተን፣ ከዚያ ለመልኩ «ቅርጽ» የሚል ቅጥያ መፈለግ ነገሩን መገልበጥ ነው። ከዚህም ሌላ «ቅርጸ ቁምፊ» የሚል የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ሁሉም «ፎንት» ይላሉ። በእኔ አስተያየት «ፋይል»ን እንደተቀበልን «ፎንት»ንም መቀበል፣ ለቁጥሩ «ኮድ» ማለት፣ «ፊደል»ን ግን ለጥንቱ ባለቤቱ፣ ለረቂቁ ምልክት ብቻ መተው ይሻላል።

ወደ «መክፈት» ስንመጣ ጉድለቱ ሌላ ነው። በር ይከፈታል፣ ሣጥን ይከፈታል። ቅኔ ግን አይከፈትም፤ ይፈታል። ሕልምም፣ እንቆቅልሽም ይፈታሉ። ቋንቋችን ለሁለቱ ተግባሮች ሁለት ግሶች እያሉት፣ በፋይል ነገር ለሁለቱም አንዱን ብቻ እንሠራበታለን። ከዚህም የተነሣ ፋይሉ «አልከፈት አለ» የሚል ሰው ምኑ እንደቸገረው አይታወቅም። መዋቅሩ ለማሽኑ አልገባውም ማለት ነው? ወይስ መዋቅሩ ገብቶት ኮዱ አልተፈታም?

ልዩነቱ በተግባር ትልቅ ነው። የመጀመሪያው ችግር፣ የመክፈቱ፣ ከሞላ ጎደል መፍትሔ ያለው ነው። ሊብረኦፊስ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር የቆዩ የዎርድ ፋይሎችን ብቻ ሳይሆን በወርድፐርፌክትና በአፕልወርክስ የተጻፉትንም ያለ ዋናው ሶፍትዌር ይከፍታል። እ.ኤ.አ. በ2007 ማይክሮሶፍት ለኦፊስ 2003 ባወጣው ማሻሻያ አንዳንድ ጥንታውያን ፋይሎች ለደኅንነት ሲባል እንዳይከፈቱ ባደረገ ጊዜ፣ የብዙዎች መሸሸጊያ እንዲህ ያለው ሶፍትዌር ነበር። ከዚያው ዓመት ወዲህ የመጣው የዎርድ ፋይል ደግሞ በእውነቱ የታሸገ ጥቅል ነው፤ የስሙን ቅጥያ ወደ ዚፕ ለውጦ ለፈታው ሰው ጽሑፉና የፎንቶቹ ስም ያለ ዎርድ ይነበባሉ። በአር.ቲ.ኤፍ. የተቀመጠም ፋይል በማንኛውም ተራ የጽሑፍ ማያ ቢከፈት፣ የፎንቶቹ ዝርዝር ከመግቢያው ላይ ይገኛል። ስለዚህ የጥንቱን መጻፊያ ሶፍትዌር ፍለጋ የሚባዝን ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገውን ትቶ ሌላ ይፈልጋል። የጎደለው መክፈቻው አይደለም፤ የፎንቱ ስምና የኮዱ ድልድል ነው። ይህንን ሁለተኛውን ተግባር «መፍታት» ብንለው፣ ተጠቃሚው ምን እንደጎደለው ራሱ ቃሉ ይነግረው ነበር።

በፒዲኤፍም የሚያጋጥመን ይኸው ነው። በይነ መረብ ላይ ከሚገኙት የቆዩ የአዋጅና የመጽሔት ፒዲኤፎች ብዙዎቹ ለዐይን ጥርት ያለ አማርኛ ናቸው፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ቀድቶ ለማውጣት የሞከረ ተርጓሚ ግን የላቲን ፍርስራሽ ያፍሳል። ተከፍተዋል፤ አልተፈቱም።

«መቀየር» ከሦስቱ ሁሉ አደገኛው ነው። ፎንት ይቀየራል፤ የፋይሉ ዓይነት ከአንዱ ወደ ሌላው ይቀየራል፤ ኮዱም ወደ ዩኒኮድ ይቀየራል። ሦስቱን ተግባሮች በአንድ ግስ ስንጠራቸው፣ ጸሐፊዋ ከሦስቱ በእጇ ያለውን፣ ማለት ፎንት መቀየሩን ብታደርግ ምን ይፈረድባታል? ከዚህም በላይ ለእርሷ ዘመን ጽሑፍ አነጋገሩ ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ 345 የኢትዮጵያ ሥርዓተ ጽሕፈት ምልክቶች የየራሳቸውን ቁጥር አገኙ፤ «ሀ» 4608፣ «ለ» 4616 እያለ ለእያንዳንዱ ቤት ስምንት ስምንት ቦታ እየተሰጠ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላን ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ ፎንት መቀየር ጌጥ መቀየር ነው፤ «ሀ» ምን ጊዜም «ሀ» ነው። የእኔ ትውልድ ፋይል ግን በዚህ ሕግ አይተዳደርም፤ ልጅቷም ይህን የምታውቅበት ምክንያት የላትም።

ለሦስተኛው ተግባር «መመለስ» የሚለውን ግስ አቀርባለሁ። ሊቃውንቱ መጽሐፍን ከግዕዝ ወደ አማርኛ «መለሱ» ሲባል፣ ቃሉ ሳይጠፋ ልሳኑ ተለወጠ ማለት ነው፤ ከኮድ ወደ ኮድ የሚደረገውም ይኸው ነው። «መልስ» ቀድሞ ወደ ነበረበት ማስመለስንም ስለሚያመለክት ይደናገራል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ ሆኖም «ወደ ዩኒኮድ መመለስ» እየተባለ መድረሻው ከተጠቀሰ የሚደናገር አይመስለኝም። ይህም ካልተወደደ የጽሕፈት ቤቶቹን «ኮንቨርት ማድረግ» ከ«መቀየር» አስበልጣለሁ። ዒላማውን የሚመታ ባዕድ ቃል ዒላማውን ከሚስት የቤት ቃል ይሻለኛል፤ ለዚህ አስተያየቴ ቀደም ሲል በስብሰባ ላይ ተወቅሼበታለሁ።

የኔ ፋይል መጨረሻ ምን ሆነ? አንድ የኮምፒውተር ዕውቀት ያለው ባልደረባዬ የመጀመሪያውን ፎንት ድልድል አግኝቶ ጽሑፉን በሙሉ በዚያ መለሰልኝ። በሁለተኛው ፎንት የተጻፉት ፊደላት ሁሉ በዚህ ምክንያት በስሕተት ወጡ፤ እነርሱን ከዐውዱ እየገመትሁ ማረም የእኔ ፋንታ ሆነ። (የዐረፍተ ነገር መዝጊያውን አራት ነጥብ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ እየመታሁ ጽፌው ኖሮ፣ ዐረፍተ ነገር መለየት የሚባለው ነገርም ሌላ ጣጣ ሆነ፤ ይህ ግን የማሽኑ ሳይሆን የእጄ ልማድ ጥፋት ነው።) «ድር»፣ «ማግ»፣ «ፈትል»፣ «እንዝርት» አላስቸገሩኝም። በማብራሪያዎቹ ውስጥ ያሉትንም የታወቁ ቃላት፣ «ቋጠሮ»ን የመሰሉትን፣ በመዝገበ ቃላት እየታገዝሁ አስተካከልሁ።

ጭንቁ ያለው በሌሎቹ ላይ ነው። በየትኛውም መዝገበ ቃላት ያልገቡ፣ ከሸማኔዎቹ አፍ ብቻ የሰማኋቸው ቃላት አሉ። ከእነዚህ መካከል የመጀመሪያ ቀለሙ «ቀ» ይሁን «ቋ» ሊታወቅ የማይችል አለ፤ «ገ» ይሁን «ጓ» የማይለይም አለ። ለታወቀው ቃል መዝገበ ቃላት ይመሰክርለታል፤ ላልታወቀው ምስክሩ ፋይሉ ብቻ ነበር፤ እኔም በመስክ የደከምሁት ለእነርሱ ስል ነበር። ቃሎቹን የነገሩኝ ሽማግሌ ዐርፈዋል። ልጃቸውን ጠይቄው፣ ሥራውን እንዳልተማረና ከቃሎቹ ጥቂቱን ብቻ እንደሚያስታውስ ነገረኝ፤ ሁለቱን አረጋገጠልኝ። የቀሩትን በጥያቄ ምልክት አስፍሬያቸዋለሁ፤ በጥያቄ ምልክት የሰፈረ ቃል ደግሞ መዝገበ ቃላት አይገባም።

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓ.ም. የተሰበሰቡ የመስክ ቃላት፣ የመመረቂያ ጽሑፎችና የትርጉም ረቂቆች በየባልደረቦቻችን መሳቢያ እንዳሉ አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ፋይል ያለው ሰው አስቀድሞ ሌላ ቅጂ ያውጣ፤ ዋናውን አይንካ። ቅጂውን ከፍቶ፣ ውጥንቅጡን ሳይፈራ፣ በየቃሉ ላይ የተጻፈውን የፎንት ስም ይመዝግብ። ፎንቱን ካገኘ ይጫነው፤ ጽሑፉ በአማርኛ መልክ እንደታየም በወረቀት ያትመው፤ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ ቢከሽፍ ወረቀቱን ዛሬ አማርኛ በሚያነቡ እንደ ቴሰራክት ባሉ ሶፍትዌሮች መልሶ ማስነበብ ይቻላል። ወደ ዩኒኮድ የሚመልሰው ሶፍትዌር የፎንቶቹን ስም የሚያነብ መሆኑን ሳያረጋግጥ ግን ሥራውን አይጀምር።

ባለፈው ወር የአንድ ባልደረባዬን ፋይል ይዤ እዚያው ሳሪስ አቦ ወደዚያችው ልጅ ተመለስሁ። በዚህ ጊዜ በቃል አላዘዝሁም፤ በቁራጭ ወረቀት «ምንም እንዳትቀይሪ። የፎንቶቹን ስም ብቻ ጻፊልኝ» ብዬ ሰጠኋት። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ወርዳ፣ ከወረቀቱ ጀርባ ሦስት ስሞች ጻፈችልኝ። ባልደረባዬ ሁለት ናቸው ብሎኝ ነበር።