የአፍሪካ አዳራሽ የመስታወት ሥዕልና እድሳቱ

ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ በመስቀል አደባባይ በኩል ወደ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት የሚወጣ መንገደኛ፣ ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት የአፍሪካ አዳራሽን ያገኛል። በጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ መዜዲሚ ንድፍ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ሕንፃ፣ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ነው። ዋናው ሀብቱ ግን ከመንገድ አይታይም። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የአፍሪካን ሙሉ ነፃ መውጣት የተረኩበት፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የመስታወት ሥዕል ቀን ከውጭ ሲያዩት ጠቁሮ ዝም ያለ ግድግዳ ነው። የሚናገረው ውስጥ ለቆመ ሰው፣ ያውም ብርሃን ሲኖር ብቻ ነው።

ሕንፃው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ወጪ ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ዳግም ሲከፈት፣ ከባዱ ጥያቄ ያረፈው በዚህ ሥዕል ላይ ነበር። በአውሮፓ ቤተ መንግሥቶች የሚገኙ ግዙፍ የባሮክ ዘመን የዘይት ቀለም ሥዕሎች ሲታደሱ፣ የባለሙያው ድካም የጠቆረውን ቫርኒሽ ማንሣትና የተላጠውን ቦታ በብሩሽ መሙላት ነው። ባለቀለም መስታወት ግን ቀለሙን በአካሉ ውስጥ ስለያዘ ለብሩሽ አይመችም። በዘመን ብዛት የሚደክመው አያያዡ ነው፤ ቁርጥራጮቹን ያቀፈው የእርሳስ ማዕድን ይለዝባል፣ ማጣበቂያው ደርቆ ይረግፋል፣ የብረት ክፈፉም ሲዝግ አብጦ መስታወቱን ይሰነጥቃል። አንድ የተሰበረ ቁራጭ በሌላ ሲተካ አዲሱ ቀይ ከነባሩ ቀይ ጋር ካልተስማማ፣ ስሕተቱ በቦታው ተወስኖ አይቀርም፤ በወለሉና በተመልካቹ ፊት ላይ ይወድቃል።

ጉዳዩ የይዘትም ጉዳይ ነው። አፈወርቅ ሥራቸውን በሦስት ክፍል ከፍለው ያለፈውን የቅኝ አገዛዝ መከራ፣ ትግሉንና የወደፊቱን ተስፋ አሳይተዋል። ችቦ የያዘው ቤተሰብ በመጠኑ የመድረክ አቋም ይታይበታል ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ የሥዕሉ ኃይል የሚመነጨው ከጨለማው ነው። አቧራና ጥላሸት ደግሞ መከራውንም ተስፋውንም እኩል ያደበዝዛሉ፤ ልዩነቱ ሲጠፋ ትግሉ ከምን ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ሁሉን እኩል ለማብራት የሚጣደፍ እድሳትም በተቃራኒው በኩል ያንኑ ጥፋት ይፈጽማል። ስለዚህ አዳሹ መጠንቀቅ ያለበት ለድምቀቱ ብቻ ሳይሆን ለጥቁረቱም ጭምር ነው።

በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት አሮጌ ሥዕል ሲደበዝዝ በላዩ አዲስ መሣል የቆየ ልማድ ነው። ልማዱ ከክብር እንጂ ከንቀት የመጣ አይደለም፤ ምእመኑ ቅዱሱን ጥርት ብሎ ማየት ይሻል። ሆኖም ከአዲሱ ቀለም ሥር የተቀበረው የቀድሞው ሠዓሊ እጅ ስንት እንደሆነ ቆጥሮ መጨረስ አይቻልም። የመስታወት ጥገና ይህን አይፈቅድም፤ አዲሱ እጅ መታዘዝ እንጂ መደረብ አይችልም። አፈወርቅ በ2004 ዓ.ም. አርፈዋልና ይህ ሰማያዊ የታሰበው ነው ወይስ አይደለም ተብለው ሊጠየቁ አይችሉም። መልስ የሚሰጠው መስታወቱ ራሱ ነው።

ያን መልስ አንብቦ ሥራውን ያከናወነው ከፈረንሳይ የመጣ የመስታወት ጥበብ ባለሙያ ነው። አፈወርቅ ራሳቸውም ይህን ጥበብ የቀሰሙት በአውሮፓ ስለነበር በዚህ የሚያሳፍር ነገር የለም። ነገር ግን መስታወት በየጊዜው እየታየ የሚጠበቅ እንጂ አንድ ጊዜ ታድሶ የሚተው አይደለም። ክፈፉ ዳግም በሚዝግበት ጊዜ መሰላሉ ላይ ከአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጣ ሰው እንዲገኝ ሥልጠናው ዛሬ መጀመር አለበት።

የተመልካቹም ጉዳይ አለ። አዳራሹ በኢኮኖሚክ ኮሚሽኑ ቅጥር ግቢ ውስጥ ስለሆነ የሚደረሰው የጥበቃ በር ታልፎ ነው። ከቦሌና ከየካ ትምህርት ቤቶች የመጡ ተማሪዎች ያን በር በመምህራቸው መሪነት እስካላለፉ ድረስ፣ ሥዕሉን የሚያውቁት ከታተመ ፎቶግራፍ ነው፤ በወረቀት ላይ ደግሞ ብርሃኑ ከፊት ይመጣል እንጂ ከኋላ አይመጣም።