ሳይቆም የሚሞላ ዓለም

ጋዜቦ የተባለው የሮቦት ማስመሰያ ሶፍትዌር በ2002 እ.ኤ.አ. በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ። ከችሎታዎቹ ሁሉ አብልጬ የምወደው፣ ማስመሰያው እየሠራ፣ ስበቱ እየሳበ፣ ሰዓቱ እየቆጠረ አዲስ ነገር ወደ ዓለሙ ማስገባት መቻሉን ነው።

ጋዜቦ የቀድሞና አዲስ ትውልድ አለው። በቀድሞው ጋዜቦ ይህን የሚያደርገው በሲ ፕላስ ፕላስ የሚጻፍ አጭር ፕለጊን፣ ማለትም በማስመሰያው ላይ የሚታከል ኮድ ነው። የሚገባውን ነገር ሞዴል ከፋይል መጥራት፣ ወይም ቅርጹን እዚያው ኮዱ ውስጥ በጽሑፍ መግለጽ ይቻላል። በ«ፋክተሪ» የመልእክት መስመር መላክ ደግሞ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል፤ ሞዴሉ የሚያርፍበትን ቦታና አቅጣጫ አብሮ ለመወሰን ይመቻልና። ከፍ ብላ የገባች ኳስ ወዲያው ትወድቃለች፤ ከነበሩት አካላት ጋር ትጋጫለች፣ ትንከባለላለች።

ይህ ችሎታ ለፈተና ይጠቅማል፤ ሮቦት በደንብ የሚፈተነው ባልጠበቀው ነገር ነውና። እየተጓዘ ሳለ ሳጥን ድንገት ፊቱ ቢደቀን ዳሳሹ ያየዋል? መንገዱን ይቀይራል? ዓለሙን ዘግቶ ሳጥኑን ጨምሮ እንደገና መክፈት ይህን አይመልስም፤ ጉዞው ከመነሻው ይጀመራል፣ ድንገተኛነቱም ይጠፋል። በጥቂት መስመር ኮድ ግን ፈተናው እውነተኛ ይሆናል።

የቀድሞው ጋዜቦ ድጋፍ በጃንዋሪ 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። አዲሱም ይህንኑ ችሎታ ይዞ ቀጥሏል፤ በነጻ ይገኛልና ሮቦት የምትሠሩ ተማሪዎች ሞክሩት።