ስለ ተቀባ ፊት

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ የተዋናይ ሙያ ያልሆኑትን ሆኖ መታየት ነውና፥ ድኻው ንጉሥ፥ ጎልማሳው ሽማግሌ ሆኖ ቢጫወት የሚነቅፈው የለም። ነገር ግን ይህ ነጻነት ለአንድ ወገን ብቻ ሲሰጥ ምን ያህል አድልዎ እንደሚሆን «ሚስ ሳይጎን» የተባለው የሙዚቃ ትያትር ያሳየናል።

ትያትሩ መጀመሪያ የታየው በ1989 ዓ.ም. (የምቈጥረው እንደ አውሮፓ ነው) በሎንዶን ከተማ ነው። አንድ የአሜሪካ ወታደር በሳይጎን ኪም የምትባል ልጅ ይወዳል፤ በጦርነቱ መጨረሻ ይለያያሉ። በመካከል የሚመላለሰው «መሐንዲሱ» የሚሉት፥ ከፈረንሳዊና ከቪየትናማዊት የተወለደ ብልጣብልጥ ደላላ ነው፤ የትያትሩም ጨው እርሱ ነው። አዘጋጁ ካሜሮን ማኪንቶሽ ኪምን የምትሆን ልጅ እስከ ማኒላ ድረስ አስፈልጎ ሊያ ሳሎንጋን አገኘ፤ ትያትሩ ሲከፈት ገና የ18 ዓመት ልጅ ነበረች። ለመሐንዲሱ ግን የዌልስ ተወላጅ የሆነው ጆናታን ፕራይስ ተመረጠ፤ በሎንዶንም ቆዳውን ቀለም ተቀብቶ፥ በዓይኑ ቆብ ላይ ሰው ሠራሽ ቆዳ ለጥፎ ይጫወት ጀመር።

ለሴቲቱ ባሕር የተሻገረው ጥንቃቄ ለወንዱ ሲሆን በቀለም ዕቃ ላይ ስለ ምን ቆመ? ነጭ ጢም የሽማግሌነት ምልክት ነው፤ ዕድሜ ከሰጠን ሁላችንም እንደርስበታለን። የተለጠፈ የዓይን ቆብ ግን የአንድን ሕዝብ መልክ እንደ ካባ የሚለበስና የሚወልቅ ዕቃ ያደርገዋል፤ የመልኩም ባለቤት በተመልካች ወንበር ተቀምጦ ይህን ያያል።

በ1990 ዓ.ም. ትያትሩ ወደ ኒው ዮርክ ሊሻገር ሲል ደራሲው ዴቪድ ሄንሪ ህዋንግና ተዋናዩ ቢ ዲ ዎንግ ተቃወሙ። የአሜሪካ ተዋንያን ማኅበርም ፕራይስን አልፈቅድም አለ። ማኪንቶሽ 25 ሚሊዮን ዶላር ያህል ትኬት አስቀድሞ ተሽጦ ሳለ ትያትሩን ሰርዣለሁ ብሎ አስታወቀ፤ ከገዛ አባሎቹ ተቃውሞ የተነሣበት ማኅበርም በጥቂት ቀን ውስጥ ቃሉን ለወጠ። ትያትሩ በ1991 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ፕራይስ የዓይኑን ልጣፍ ትቶ ተጫወተ፤ እርሱም ሳሎንጋም የቶኒን ሽልማት ተቀበሉ። ችሎታውን አልክድም።

የምነቅፈው የደጋፊዎቹን ምክንያት ነው። ለዚህ ቦታ የሚበቃ ስመ ጥር እስያዊ ተዋናይ አልተገኘም አሉ። ከየት ይገኝ? «ንጉሡና እኔ» በተባለው ትያትር ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮ የሲያምን ንጉሥ ሆኖ 4,625 ጊዜ የተጫወተው በሩሲያ የተወለደው ዩል ብሪነር ነው። ባስተማርሁበት ዘመን የፊት ወንበር ልጆችን ብቻ እየጠየቀ የኋላዎቹን ሰነፎች ናቸው የሚል መምህር አይቻለሁ፤ የሰነፍነታቸውም ማስረጃ መልስ ሰጥተው አለማወቃቸው ነበር። የትያትር ቤቶቹም ሒሳብ ከዚህ አይለይም። ስም የሚገኘው ከመድረክ ነው፤ መድረኩ ደግሞ ስም ላለው ብቻ ይሰጣል።

ምናልባት አንዱ፥ «ታዲያ ጥቁር ተዋናይ የዴንማርክን ልዑል ሆኖ ቢጫወት አትነቅፍም ወይ?» ይለኝ ይሆናል። አልነቅፍም። ያ ተዘግቶ የኖረ በር ሲከፈት ነው፤ ይህ ግን ለእስያውያን ከቀሩት ጥቂት በሮች አንዱን መዝጋት ነበር።

ከፕራይስ በኋላ በብሮድዌይ መሐንዲሱን የእስያ ዘር ያላቸው ተዋንያን ተጫወቱት። በ2014 ዓ.ም. ትያትሩ በሎንዶን እንደገና ሲነሣ ቦታው ለጆን ጆን ብሪዮነስ ተሰጠ። ይህ የፊሊፒንስ ተወላጅ በ1989 ዓ.ም. በሎንዶን በቀረበው ትያትር ከአጃቢዎቹ መካከል ቆሞ ይዘፍን ነበር።