ወጣት ጥፋተኛን ለቤተሰብ ማስረከብ፤ የሕጉ ሐሳብና የአዊ ኑሮ

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፣ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ጥፋተኞች የሚመለከታቸው ከቅጣት ይልቅ እርማት እንደሚገባቸው ልጆች ነው። አቋሙ አዲስ አይደለም፤ በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ውስጥ ነበረ። ይሁን እንጂ እርምጃዎቹ የመጠጥ ወይም የአደንዛዥ ዕፅ ልማድ በያዘው ልጅ ላይ ሲውሉ የሚታየው ጉድለት፣ በአዊ ዞን በእንጅባራና በዳንግላ ኑሮ ሲመዘን ጎልቶ ይወጣል።

አንቀጽ 158 እንዲህ ያለው ልጅ ወደ ሕክምና ተቋም እንዲላክ ያዛል። በአእምሮ ሕክምና የታወቀው አማኑኤል ሆስፒታል ግን የሚገኘው ከዳንግላ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በአዲስ አበባ ነው። ልጁ ታክሞ ቢድን እንኳ የሚመለሰው ወደዚያው ሰፈር ነው። ስለሆነም ዋናው ሸክም የሚያርፈው፣ ልጁ ለዘመዶቹ ወይም ለታመነ ሰው እንዲሰጥና ተረካቢውም መልካም ጠባዩን ለመጠበቅ በጽሑፍ ግዴታ እንዲገባ በሚያዘው በአንቀጽ 159 ላይ ነው።

ደካማው ጎን ይኸው ነው። ሕጉ ዘመድ ብቁ ሳይሆን ሲቀር ልጁ ለሌላ እንዲሰጥ ይደነግጋል እንጂ፣ ብቁ ያልሆነው ብቁ የሚሆንበትን መንገድ አያመለክትም። ጠላ መጥመቅና አረቄ ማውጣት የብዙ እናቶች መተዳደሪያ ነው፤ የልጁ ደብተር የሚገዛውም ከዚያው በሚገኝ ገንዘብ ነው። እንዲህ ያለችውን እናት ልጇን ከመጠጥ እንድትጠብቅ ማስፈረም ከእንጀራዋ ጋር ማጣላት ይሆናል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ቢከለክልም፣ ያለ ጎረቤት ትብብር ክልከላው ጓዳ ድረስ አይዘልቅም።

ማኅበረሰቡም ከነቀፋ ነፃ አይደለም። ድግስ ያለ ጠላ በማይታሰብበት አገር፣ ልጁን ብቻ ነጥሎ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ነገር ግን መድኃኒቱም ከዚያው ይገኛል። እድር ለኀዘንተኛ እንደሚደርስ ሁሉ፣ ግዴታ የገባችውን እናት በሌላ ንግድ ሊያቋቁማት ይችላል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 የሚያሳየው ሥርዓትም ሌላ በር ይከፍታል፤ ፈረስ መንከባከብ በየማለዳው መነሣትንና ኃላፊነትን ስለሚጠይቅ፣ ልጁን ለአንድ የታመነ ፈረሰኛ አደራ መስጠት ከሕጉ መንፈስ ጋር ይስማማል።

የትምህርት ቤት ድርሻ በአንቀጽ 161 ተመልክቷል፤ ልጁ በትርፍ ጊዜው በትምህርት ቤት ወይም በቤቱ ተወስኖ ለዕድሜው የሚስማማ ሥራ እንዲሠራ ሊታዘዝ ይችላል። ሥራው ግን ግቢ መጥረግ ብቻ ከሆነ ውርደት እንጂ ትምህርት አይሆንም። የችግኝ ጣቢያ፣ የንብ ቀፎ፣ የአናጢነት ሥራ ቢሰጠው ልጁም ይማርበታል፤ መምህሩም ወላጆችን በአዊኛ እያነጋገረ የልጁን ለውጥ ሊያሳያቸው ይችላል።

በጠቅላላው፣ ቤተሰብን ማሳተፍ ማለት ቤተሰብን ማስፈረም ማለት አይደለም። የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ሊጠይቁ የሚገባው ማን እንደ ፈረመ ሳይሆን፣ ፈራሚዋ ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ስትወጣ ማን አብሯት እንደሚሄድ ነው።