ፒንቶስ፦ ጎበዝ አስተማሪ፣ ዝምተኛ ስክሪን

አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ሁኑ ሌላ ግቢ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የምትማሩ ከሆነ ፒንቶስን ሞክሩት። ቤን ፋፍ እ.ኤ.አ. በ2004 ስታንፎርድ ውስጥ ለተማሪዎች ያዘጋጀው ነው፤ ተራ ላፕቶፕ ይበቃዋል።

ትልቁ ትምህርቱ ጥርጣሬ ነው። ሲስተም ኮል ማለት ፕሮግራም ከርነሉን አገልግሎት የሚጠይቅበት በር ነው፤ ከርነሉ ደግሞ ዘበኛው። የተሰጠውን የሜሞሪ አድራሻ ሳይፈትሽ ካመነ ራሱ ይወድቃል።

ጉድለቱስ? ስህተት ስንፈልግ የምንሮጠው ወደ ፕሪንትኤፍ ነው። ፕሪንትኤፍ ግን «ራይት» የሚባለውን ሲስተም ኮል ይፈልጋል፤ እሱን የምትጽፉት ደግሞ እናንተው ናችሁ! በዚያ ላይ ፕሮግራሙ እስኪያልቅ መጠበቅ ያለበት ፈንክሽን ባዶ ስለሆነ፣ ፕሮግራማችሁ ሳይነሳ ፒንቶስ ይጠፋል። መመሪያው ይህን ይናገራል፤ ስክሪኑ ግን ዝም። ጀማሪው «ኮዴ ነው የተበላሸው» ብሎ ያድራል። አንዲት የማስጠንቀቂያ መስመር ብትኖር ምን ነበረበት?

እስከዚያው መጠበቂያውን አስቀድሙ፣ ቀጥሎ ራይትን ጻፉ።