ሳይታተም የተገዛ ልቦለድ

ፖል ኪንግስኖርዝ «ዘ ዌክ» የተባለውን ልቦለዱን የጻፈው ዛሬ ማንም በማይናገረው እንግሊዝኛ ነው። ታሪኩ በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከወረሩ በኋላ ያለውን ጊዜ ይተርካል፤ ደራሲውም ወራሪዎቹ ይዘዋቸው የመጡትን ቃላት በተቻለው መጠን ሸሽቶ፣ ከጥንቱ ቋንቋ እየለቀመ የራሱን ሠራ። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ያታግላሉ። ጆሮ ሲለምድ ግን ሽንፈቱ በታሪኩ ብቻ ሳይሆን በቃላቱም ውስጥ ይሰማል። ተራኪው ባክማስተር ጀግና ነኝ ባይ ነው፤ እያደር ግን እሱን ማመን ያቅታችኋል።

እንዲህ ያለ ረቂቅ ይዛችሁ አሳታሚ ጋ ብትሄዱ «ማን ይገዛዋል?» መባላችሁ አይቀርም። አንባውንድ የተባለው የብሪታንያ አሳታሚ ግን ጥያቄውን ለአንባቢዎቹ ለራሳቸው አቀረበው፦ ከፈለጋችሁት ለኅትመቱ አስቀድማችሁ አዋጡ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2014 የአዋጪዎቹን ስም ይዞ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ለቡከር ሽልማት ረጅሙ የዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ ገባ።

ይህን «ብዙኃኑ መረጠ» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ብዙኃኑ ቢጠየቅ «ዘ ዌክ» ባልታተመ ነበር። መዋጮው የሠራው ጥቂት ሰዎች አጥብቀው ስለፈለጉት ነው፤ ጥቅሙም እሱ ነው።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። እኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች፣ ሲበላሽ ሁሉን ይዞ የሚወድቀው የቱ ክፍል ነው ብለን ቀድመን እንፈልጋለን። እዚህ ያ ክፍል ካዝናው ነው። አንባውንድ በማርች 2025 ሲከስር ድርሻቸው ያልተከፈላቸው ደራሲዎች፣ ከፍለው መጽሐፍ የሚጠብቁም አንባቢዎች ነበሩ። አንባቢ የደራሲውን ድፍረት ሊካፈል ፈቅዷል፤ የአሳታሚውን ዕዳ ግን አይደለም። ስለዚህ ለሚቀጥለው መጽሐፍ ስትጋበዙ፣ ስለ ሽፋኑ ከማውራታችሁ በፊት ጠይቁ፦ እስኪታተም ገንዘቤ በማን እጅ ይቆያል?