ከፕሮሰሰሩ በፊት ራሙ

ገርጂ ውስጥ ዴስክቶፕ ሊያስገጥም የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «አይ ሰቨን ነው?» ብሎ ነው። ልማዱ ከስላሽ (ያገለገለ ዕቃ) ገበያ የመጣ ይመስለኛል፤ እዚያ ማሽን የሚጠራው በዚህ ስም ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አይ ሰቨን 4770 እና በ2022 የወጣው አይ ስሪ 12100 ሁለቱም ባለ 4 ኮር ናቸው፤ ሥራ ሲጀመር ግን አይ ስሪው አይ ሰቨኑን ጥሎት ይሄዳል። ስለዚህ ከስሙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ደንበኛው ራሱ እንዲያነብ አደርጋለሁ። ከዚያ የፕሮሰሰሩን ወሬ አቆምና «አንድ ላይ ምን ምን ትከፍታለህ?» እላለሁ።

የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር አንድ ልጅ «ጋሼ፣ ፕሮሰሰሩ ደክሟል፤ ይቀይሩልኝ» ብሎ መጣ። ማሽኑን ከነሥራው እንዲያመጣው ነገርኩት። ሲያመጣው እንደ ወትሮው ፕሪሚየሩንም፣ አፍተር ኢፌክትሱንም፣ ክሮሙንም አስከፈትኩትና ታስክ ማናጀሩን ጎን ላይ ከፍተን አየን። ፕሮሰሰሩ 40 በመቶ እንኳ አልደረሰም። ራሙ ሞልቷል። ዲስኩ ደግሞ 100 ላይ ወጥቶ አልወርድም ብሏል። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፣ ሲፈለግም መልሶ ያነሳል፤ ፕሮሰሰሩ ይህን ሲጠብቅ ነው የሚውለው። አፍተር ኢፌክትስ ለቅድመ እይታ የሚያዘጋጀውን ምስል ራም ላይ ስለሚከምር ምንም ያህል ቢሰጡት ይጠቀምበታል። ልጁ ለፕሮሰሰር ይዞት ከመጣው ብር ባነሰ ራም አስጨምሮ ሄደ። ሬቪት ለሚሠራ የሥነ ሕንጻ ተማሪ ግን ሌላ እላለሁ፤ ሞዴሉን ሲነካካ የሚሠራው በአብዛኛው አንድ ኮር ስለሆነ፣ ከብዙ ኮር ይልቅ የአንዱ ፍጥነት ይጠቅመዋል።

ራም ሲገዛ ስንት ጊጋ የሚለው ብቻ አይበቃም። ዲዲአር4 3200 አንድ ፍሬ ብቻ ሲገባ በሰከንድ 25.6 ጊጋባይት ያስተላልፋል፤ በሁለት ቻናል ሁለት ፍሬ ሲሆን 51.2 ይደርሳል። በተለይ እንደ ራይዘን 5 5600ጂ ያለ፣ ግራፊክሱ አብሮት የሚመጣ ፕሮሰሰር ለራሱ ብቻ የሚሆን የቪዲዮ ሜሞሪ የለውም፤ ከዚያው ራም ይበደራል፣ ስለዚህ አንድ ፍሬ 16 ሰጥቶ መላክ ፕሮሰሰሩን ማሰር ነው። አራት ማስገቢያ ያለው ቦርድ ከተገኘ ሁለት ባለ 8 ከፕሮሰሰሩ ቆጥሮ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ይገባሉ፤ ነገ ብር ሲገኝ ሌላ ሁለት ይጨመራል። ፍሬው ሲገባ በሁለቱም ጫፍ ቀጭ ማለት አለበት፤ አንዱ ጫፍ ብቻ ከያዘ ስክሪኑ ላይ ምንም አይመጣም። ቀጥሎ ባዮስ ገብቼ ኤክስኤምፒን አበራለሁ፤ ካልበራ 3200 ተብሎ የተገዛው ራም በ2133 ወይም በ2666 እየሄደ ሰውየው ሳያውቅ ዓመታት ያልፋሉ። ሜምቴስት የሚባለው የራም መፈተሻ አንድ ዙር ሳይጨርስ ማሽን አላስረክብም፤ መሀል ላይ መብራት ከጠፋ እንደገና አስጀምረዋለሁ።

ዲዲአር5 ወይስ ዲዲአር4? የኤኤምዲ ኤኤም5 ሶኬት ዲዲአር5 ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ኤኤም4 ደግሞ ዲዲአር4 ብቻ። እኔ ለቤት ማሽን እስከ ዛሬ ወደ ዲዲአር4 አደላለሁ፤ ምክንያቴም ከፍጥነት ይልቅ ገበያው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር ለገበያ ሲለቀቅ 57 ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ፤ ከዱባይ በሻንጣ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ አብሮ ወጣ። ያ ሳይረጋ የራም ፋብሪካዎች ፊታቸውን ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት አዞሩ። በኅዳር 2018 ማይክሮን ክሩሻል በሚለው ስም ለተጠቃሚ ይሸጥ የነበረውን ንግድ እንደሚያቆም አስታወቀ። እንዲህ ባለ ጊዜ ከስላሽ የቢሮ ዴስክቶፕ የወጣ፣ ሜምቴስት ያለፈ ዲዲአር4 ለተማሪ ትልቅ ነገር ነው። ዩኒቲ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ልጆች ሲመጡ ይህንኑ ነው የምነግራቸው።

መብራቱም የምርጫው አካል ነው። ራም የያዘውን በየ64 ሚሊሰከንዱ ካላደሱለት ይረሳል፤ መብራት ሲሄድ ያልተቀመጠ ሥራ ሁሉ አብሮ ይሄዳል፤ ራሙ በሰፋ መጠን ተከፍቶ የሚጠፋውም ይበዛል። ለዚህም ነው ፕሮሰሰር ስመርጥ ዋቱን ከዩፒኤሱ ጋር የማስተያየው። አይ ፋይቭ 12400 ቢጨናነቅ 117 ዋት ነው የሚስበው፤ አይ ሰቨን 14700ኬ ግን 253 ይደርሳል። ሰፈራችን ውስጥ ብዙ ሰው ያለው ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ደግሞ ከ400 ዋት በታች ነው የሚሸከመው፤ ግራፊክስ ካርድና ስክሪን ሲጨመሩበት መብራት በሄደ ቅጽበት ጮኾ አብሮ ይጠፋል። ከፍታችንም አለ። አዲስ አበባ ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ በአንድ አምስተኛ ገደማ ሳስቷል፣ የፋን ማቀዝቀዣም ይደክማል። መነሻ ፍጆታው 65 ዋት የሆነውን ፕሮሰሰር መካከለኛ ፋን ይበቃዋል፤ በ«ኬ» የሚያልቀውን ለሚፈልግ ሰው ግን ትልቁን ማቀዝቀዣ ሳይገዛ አልገጥምለትም።

በ«ኤፍ» የሚያልቁትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ደግሞ ዋጋቸው ቀነስ ስለሚል ሰው ይወዳቸዋል። ግራፊክስ የላቸውም። ካርዱ አንድ ቀን ቢበላሽ ተተኪው እስኪመጣ ማሽኑ ምንም አያሳይም፣ ሥራም ይቆማል። ኤፍ የሌለውን የገዛ ሰው ግን ገመዱን ማዘርቦርዱ ላይ ሰክቶ የጀመረውን ይጨርሳል። መለዋወጫ ካርድ ቤቱ ላስቀመጠ ሰው ካልሆነ በቀር ኤፍ አልመክርም።